የክረምት ጓሮ አትክልት፦ ከፍ ያለ መደብ፣ የላስቲክ ጣራ ወይስ ማዳበሪያ?

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ከተሞች ሰኔ ሲቃረብ ጓሮ ያለው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ «ከእንግዲህ ዝናቡ ራሱ ያጠጣልኛል» ብሎ ያገኘውን ዘር ሁሉ መሬት ላይ ይበትናል፤ ሌላው ደግሞ ጭቃውንና የሐምሌን ጨለማ አስቦ አካፋውን እስከ መስከረም ይሰቅላል። የመጀመሪያው ዘሩን ጎርፍ ይወስድበታል፤ ሁለተኛው ጎመንና ቆስጣ ያለ አንድ ባልዲ ውኃ የሚያድጉበትን ሦስት ወር በከንቱ ያሳልፋል። ይህ መመሪያ በሁለቱ መካከል ላለው፣ ማለትም በክረምቱ አንድ ነገር ለማብቀል ቆርጦ ነገር ግን በምን ዓይነት መደብ ላይ ምን መትከል እንደሚሻለው ላልወሰነ ሰው የተጻፈ ነው።

ክረምት በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። የአትክልተኛው ሥራ ግን የሚጀምረው በግንቦት ነው፤ አፈሩ አንዴ ከራሰ በኋላ ከተቆፈረ ይታመቅና ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሆናልና። በዚህ ወቅት አትክልትን የሚገድለው ብርድ አለመሆኑንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በደጋው ውርጭ የሚያሰጋው ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ነው፤ በክረምት ደመናው የቀኑን ሙቀት እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው የአዲስ አበባ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያድራል። ጠላቶቹ ሥር ላይ የሚቆም ውኃ፣ ቅጠል ላይ የሚያድር እርጥበትና የብርሃን ማነስ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች የሚመዘኑት ከእነዚህ የትኛውን ይከላከላሉ በሚለው ነው፤ ሁሉንም የሚከላከል የለም።

አስቀድሞ አፈሩንና ፀሐዩን መመልከት

አዲስ አበባ ውስጥ ለሁሉም ግቢ የሚሆን አንድ ምክር የለም። በሰሜን በኩል፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ስለሆነ ውኃን ቶሎ ያሳልፋል። ወደ ቃሊቲና አቃቂ ሲወረድ ግን መሬቱ ጥቁር አፈር፣ አንዳንዱ መረሬ የሚለው ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሠራው ይኸው አፈር በክረምት ያብጥና ውኃውን ከላይ ያስቀረዋል። በአዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ከሁለቱም የማይመደብ፣ የግንባታ ፍርስራሽና ሲሚንቶ የተደባለቀበት ድልድል ያጋጥማል። የግቢውን ዓይነት ለመለየት በግንቦት 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ አመሻሽ ላይ ውኃ መሙላት፣ ውኃው ሲሰርግ ደግሞ አንድ ጊዜ መድገም ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ከተገኘ በዚያ ቦታ ከፍ ባላለ መሬት ላይ መዝራት ዘርን መጣል ነው።

ስለ ፀሐይ አቅጣጫ ብዙ ሰው የሚያውቀው የበጋውን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። በበጋ ጥላ የሚያጠቃው የቤቱ ሰሜናዊ ጎን ስለዚህ በክረምት ይሻላል፤ በቆሎ በግቢው ውስጥ መትከል የሚወድ ሰውም (የማይወድ ማን አለ?) በቆሎውን ከአትክልቱ በስተደቡብ ቢያደርገው ይመረጣል። ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የጠዋት ፀሐይ ነው። የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ያለው ብርሃን የጠዋቱ ነው፤ ሌሊት የረጠበውን ቅጠል የሚያደርቀውም እሱው ነው። በምሥራቅ በኩል ክፍት የሆነ ቦታ ካለ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን መያዝ ይገባል።

ከፍ ያለ መደብ

በአፈር ብቻ፣ ያለ ላስቲክና ያለ እንጨት የሚሠራው ይህ አማራጭ ከሁሉም የቆየና ርካሽ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ የሚያመርቱት ከጥንት ጀምሮ ቤተሰቡ ተባብሮ በእጁ በሚያወጣው ሰፊ መደብና ቦይ ነው። የጓሮው መደብም ያው ነው። ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ከሰፋ ከሁለቱም ጎን በእጅ መድረስ ስለማይቻል መደቡን መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ መደብ ደግሞ መደብ አይደለም። ከፍታው በቀይ አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ቢበቃም በጥቁር አፈር ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። በመደቦቹ መካከል የሚቆፈረው ቦይ መውጫ ከሌለው የዓሣ ኩሬ ከመሥራት ስለማይለይ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ቁፋሮው ሳይጀመር መወሰን አለበት።

መደቡ በእርግጥ የሚከላከለው የመጀመሪያውን ጠላት፣ የሚቆመውን ውኃ ነው። በውኃ የተሞላ አፈር ውስጥ አየር ስለማይገባ ሥር ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለሚያቆም ቅጠሉ በዝናብ መሐል ይጠወልጋል። ይህን አይቶ «ተጠማ» ብሎ ውኃ የጨመረ ጎረቤት ነበረኝ። ሌላው የመደብ ጥቅም ስፋቱ ነው፤ 1 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት ጎመን ሊችል ይችላል። ቅጠልን ከዝናብ ግን አይከልልም፣ በረዶም ሲወርድ ሰላጣን እንደ ወንፊት ይበሳዋል።

መደብ ሲመረጥ የሚረሳው ነገር የቤቱ ጣራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በእያንዳንዱ ወር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ200 ሊትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ 60 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ አሸንዳ ከሌለው በወር ከ12,000 ሊትር በላይ ውኃ ጠርዙ ስር ይደፋል ማለት ነው። ከጣራ ጠርዝ ሥር የተሠራ መደብ በአንድ ሳምንት ይናዳል። ከመንገድ የሚገባውን ጎርፍም በአጥር ሥር በሚቆፈር ቦይ ማስቀረት የግድ ነው፤ የክረምት የከተማ ጎርፍ ከሞሉ መጸዳጃዎች የሚወጣውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ አይሆንም።

የላስቲክ ጣራ

ሰዎች «ግሪን ሀውስ» ብለው የሚያስቡትና በክረምት የሚያስፈልገው ነገር አንድ አይደሉም። አራቱም ጎኑ የተዘጋ የላስቲክ ቤት የተሠራው ሙቀትን ለመያዝ ነው። በክረምት ግን የተዘጋው ቤት የሚይዘው እርጥበትን ነው፤ ሻጋታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለአዲስ አበባ ክረምት የሚበጀው ጎኖቹ የተከፈቱ፣ ከላይ ብቻ የተሸፈነ ጣራ ነው፦ በአንድ በኩል 2 ሜትር፣ በሌላው 1.50 ሜትር የሆኑ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ተተክለው ላስቲኩ በእነሱ ላይ ይወጠራል። ላስቲኩ ሳይላላ ከተወጠረና በቂ ቁልቁለት ካለው ውኃው ይንሸራተታል፤ ከላላ ግን ውኃ ያቁርና በክብደቱ ራሱን ይቀድዳል። የመጀመሪያ ጣራዬ በነሐሴ አንድ ሌሊት የወደቀው በዚህ ምክንያት ነበር፣ ሥሩ የነበሩትንም የቲማቲም እግሮች ሁሉ ይዞ ነው የወረደው።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ሁለተኛውን ጠላት፣ በቅጠል ላይ የሚያድረውን እርጥበት ማስቀረቱ ነው። ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ አይቆጠርም። ላስቲክ ብርሃንን ይቀንሳል፤ ሲያረጅና አቧራ ሲይዝ ደግሞ ይብሳል፣ ብርሃን ባነሰበት ወቅት ይህ ቀላል አይደለም። ተራው ነጭ ላስቲክ አንድ በጋ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይሰባበራል፤ ፀሐይ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራው ለዓመታት ያገለግላል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ከጣራው የሚንሸራተተውም ውኃ መሄጃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቦይ ከመቆፈር አያድንም። ሰዎችን ከሁሉ የሚያስገርማቸው ደግሞ ከጣራ ሥር ያለ አትክልት በዝናብ መሐል ውኃ መጠጣት የሚፈልግ መሆኑ ነው።

ማዳበሪያና ሌሎች ማሰሮዎች

ማዳበሪያ ስል ከተሜው በዚህ ስም የሚጠራውን የእህል ከረጢት ማለቴ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ ይሞላል፤ ሥሩ ይበሳና በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ይቆማል። ያረጀ ባልዲና የተቆረጠ ጀሪካንም እንዲሁ ያገለግላሉ። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ ሲሚንቶ ለተለሰነ ግቢና ከሁሉም በላይ ለተከራይ ከዚህ የሚሻል የለም፤ አከራይ ሲያስለቅቅ አትክልቱም አብሮ ይሄዳል። ከጣራ ጠርዝ በታች ወደ ውስጥ ሲቀመጥ ከዝናቡም ከበረዶውም ይድናል።

ጉድለቱ መጠኑ ነው። አንድ ከረጢት የሚይዘው ቆስጣ አራት ወይም አምስት እግር ብቻ ስለሆነ ቤተሰብን አይቀልብም፤ ለሰላጣ፣ ለድንብላልና ለባሮ ሽንኩርት ግን ይበቃል። የአፈሩ ምግብም ቶሎ ያልቃል፤ ሁለት ክረምት በአንድ አፈር ለመሄድ የሚሞክር ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ ቀጫጭን ቅጠል ነው የሚለቅመው።

የትኛው ለማን?

ግቢ ላለው ሰው የኔ ምክር መደቡን ማስቀደም ነው፤ ጣራውን መጀመሪያ የሠራ ሰው ከጣራ ሥር ባለ ረግረግ ላይ ሲተክል አይቻለሁ። በቀይ አፈርና በተዳፋት ቦታ ያለ ሰው ከመደብ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። በጥቁር አፈር ላይ ያለ ደግሞ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ፍግና አሸዋ ጨምሮ ይጀምር። ላስቲክ የሚገዛው በክረምት ቲማቲም ወይም ቃሪያ ካላገኘሁ የሚል ብቻ ነው። በረንዳና የተለሰነ ግቢ ብቻ ላለው ምርጫው ቀድሞ ተወስኖለታል፣ ማዳበሪያ።

ከአትክልቱ ምን ይመረጥ?

በክረምት የሚቀድመው ቅጠል ነው፤ ቅጠላ ቅጠል የብርሃንን ማነስ ከፍሬና ከሥር ይበልጥ ይችላል። ከቅጠሎችም የሐበሻ ጎመን አቻ የለውም። ክረምቱ ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ጎተራው በተራቆተበት ወቅት ቤቱን የሚያቆየው ጎመን ስለነበረ ነው። ሌላው ሁሉ በሚጠወልግበት ጭቃ እሱ ይቆማል፣ ከታች ቅጠሉ እየተለቀመ ከላይ ይቀጥላል፤ በግንቦት መጨረሻ የተዘራው በሐምሌ ይለቀማል። ከመስቀል ክትፎ ጎን ለሚቀርበው ጎመን የሚሆን ትኩስ ቅጠል የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሐምሌ አጋማሽ ሁለተኛ ዙር ይዝራ።

ቆስጣ ከጎመን ይለሰልሳል፣ ልጆችም ይወዱታል፤ ግን በዝናብ ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ፣ ዙሪያው ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይወጣበታል። መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ በእግሮቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ትቶ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግና የታመመውን ቅጠል ቆርጦ ከጓሮው ማውጣት ይበቃል። በሰኔ መጀመሪያ የተዘራ ቆስጣ ነሐሴ 1 ቀን ለሚገባው የፍልሰታ ጾም ይደርሳል። በዚያ ሰሞን ገበያው ላይ የአትክልት ፈላጊ ስለሚበዛ ጓሮ ያለው ሰው ይደሰታል። ሰላጣ ከሁለቱም ይፈጥናል፣ ከሁለቱም ይልፈሰፈሳል። የሚጠቀለለው ዓይነት ውኃ በእምብርቱ ስለሚያቁር ከውስጥ ይበሰብሳል፤ የሚበተነውን ዓይነት መርጦ ከጣራ ጠርዝ ወደ ውስጥ በማዳበሪያ ማሳደግ ያዋጣል። ጥቅል ጎመንን በክረምት አልመክርም፤ ሦስት ወር ገደማ ቦታ ይይዛል፣ በዝናብ ፍንጥቅጣቂ የሚተላለፈው ቅጠልን ከጠርዙ ጀምሮ የሚያደርቅ በሽታም ያገኘዋል።

ከሥራሥሮቹ ቀይ ሥርን ከካሮት አስቀድማለሁ። ካሮት ለስላሳና ጠለቅ ያለ አፈር ስለሚፈልግ በጥቁር አፈር ላይ ሹካ ይመስላል፤ ዘሩም ደቃቅ ስለሆነ አንድ ከባድ ዝናብ ጠራርጎ ይወስደዋል። ቀይ ሥር ግን አፈር ብዙም አይመርጥም፤ አንዱ «ዘር» ውስጥ ሁለት ሦስት ዘር ስላለ ሲበቅል ማሳሳትን ብቻ ይፈልጋል፣ የተነቀለውም ችግኝ ሌላ ቦታ ተተክሎ ይይዛል። ቅጠሉም ይቀቀላል።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ሁለቱም ሽንኩርት ቢባሉም በክረምት ዕጣቸው ይለያያል። በሰኔ የተተከለ ነጭ ሽንኩርት በዝናቡ ያድግና ራሱን የሚሞላው ዝናቡ ሲያበቃ፣ የሚነቀለው ደግሞ መሬቱ በደረቀበት በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ወቅቱ የተሰፋለት ያህል ይስማማዋል፤ የሚያሰጋው በነሐሴና በመስከረም ቅጠሉ ላይ የሚወጣው ዋግ ነው። ቀይ ሽንኩርት ግን በእርጥብ ጊዜ ቅጠሉ ይታመማል፣ ራሱም ሳይደርቅ ይበሰብሳል፤ እሱን ለበጋው መተው ይሻላል።

ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፣ የሚያጠፋቸውም በሽታ አንድ ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው ይኸው ቅጠል አጥቋሪ በሽታ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኝ አንድን መደብ በሳምንት ውስጥ ያነደዋል፤ የኛ ሐምሌ ለእሱ የተመቸ ነው። በክረምት ድንች መትከል የግድ ከሆነ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጉደኔ ወይም በለጠ የተባሉትን፣ በሽታውን በተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎች መፈለግ ይገባል። ቲማቲም ግን በክረምት ያለ ጣራ መትከል ልፋት ነው። ከጣራ ሥርም ቢሆን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝበት ብዙው አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ የያዘውም ለመቅላት ይዘገያል። ወጪውን አስልቶ ገበያ ወርዶ ቢገዛ የሚረክስበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ከአጥር ሥር ቦታ የተረፈው ሰው በሰኔ አንድ መስመር ባቄላ ቢዘራ በመስከረም እሸት ያገኛል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ውኃ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይሞታሉና ከመደቡ ጫፍ፣ ከፍ ካለው ላይ ይተከሉ።

በዘር ወይስ በችግኝ?

በበጋ ይህ ጥያቄ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ በክረምት ግን ከካሮትና ከባቄላ በስተቀር መልሱ ችግኝ ነው። ደቃቅ ዘር በክፍት መደብ ላይ የዝናብ ጠብታ አፈር ያለብሰዋል፣ ወይም ከቦታው ያነሳዋል፤ የበቀለውንም ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። በአንጻሩ ከጣራ ጠርዝ ወደ ውስጥ በሣጥን የፈላ፣ አራትና አምስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ በደመናማ ቀን ሲነቀልና ሲተከል አይጠወልግም፤ በበጋ ሁለት ሳምንት ጥላ እየሠራን የምናስታምመውን ክረምት በነጻ ያደርግልናል። ካሮት የሚዘራ ሰው ዘሩን በመስመር አድርጎ እስኪበቅል በሳሳ ሣር ይሸፍነው፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን ያንሳው። ሣሩን አልብሶ መተው የሚመከረው ለበጋ ነው፤ በክረምት ለቀንድ አውጣ ማደሪያ ይሆናል። ቀንድ አውጣን ለመቀነስ ከመድኃኒት ይልቅ በመደቡ ዳር እርጥብ ጣውላ አጋድሞ ማሳደርና ጠዋት ገልብጦ መልቀም ያስተማምናል። ክሽክሽ በዚህ ወቅት ዝናቡ ስለሚያጥበው ብዙ አያስቸግርም።

ዝናቡ የአፈሩንም ምግብ ወደ ታች ያጥበዋል። በነሐሴ የጎመኑ የታች ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ፍጉን በግንቦት አንድ ጊዜ ብቻ ከማፍሰስ ግማሹን አስቀርቶ በሐምሌ መጨረሻ መኮትኮት ይሻላል፤ ዩሪያ የሚጠቀም ሰውም በካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከግንዱ አርቆ፣ ዝናብ ባባራበት ጠዋት ይስጥ።

መስከረም ሲጋመስ ዝናቡ ይሳሳል፣ መደቡም ከላይ መድረቅ ይጀምራል። ለክረምት የከፈትነው የቦይ መውጫ በዚህ ጊዜ በአፈር ይዘጋል፤ ያው ቦይ በበጋ ውኃ ማጠጫ ይሆናልና። ላስቲክ ያለውም ሰው አጥቦ፣ በጥላ አድርቆና ጠቅልሎ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ቢያስቀምጠው ለከርሞ ይደርስለታል።